ቦታ የሌለው ተጫዋች

በእግር ኳስ ሜዳ ላይ በረኛው በረኛ፣ ተከላካዩም ተከላካይ መሆኑን ማንም ተመልካች ወዲያው ይረዳዋል፤ ጎል ያገባውም ሰው ስሙ በማግሥቱ በጋዜጣ ይወጣለታል። የዘመናችን ወጣቶች በየቤታቸው ተቀምጠው በኢንተርኔት እየተገናኙ በሚጫወቱት «ዶታ ሁለት» በሚባለው የጦር ስልት ጨዋታ ግን ነገሩ ከዚህ ይለያል። በዚህ ጨዋታ አምስት ሰዎች ከአምስት ሰዎች ጋር ይጋጠማሉ፤ ከአምስቱም መካከል አንዱ የኔ የሚለው ቋሚ ስፍራ የለውም። ሥራው ከአንዱ ግንባር ወደ ሌላው እየተዘዋወረ ለጓደኞቹ መድረስና በጠላት ላይ ድንገተኛ አደጋ መጣል ነው። ፈረንጆቹ «ሮመር» ይሉታል፤ እኛ «ዟሪ» ብለን እንጠራዋለን። ዟሪ የሚለው ቃል በሀገራችን አነጋገር ሥራ ፈትነትን ስለሚያሰማ ስሙ እምብዛም የሚያስመሰግን አይደለም፤ ሆኖም ጽሑፋችን እስኪያልቅ ድረስ አንባቢ በስሙ እንዲታገሠን እንለምናለን።

ጨዋታውን የሚጀምሩ ብዙ ወጣቶች ይህን ሥራ የሚመርጡት ነፃነት የሞላበት መስሎአቸው ነው። እንደ ልብ መዘዋወር፣ ባልታሰበ ስፍራ ብቅ ማለት፣ ጠላትን ማስደንገጥ በእርግጥ ደስ ያሰኛል። ጥቂት ቀን ከተጫወቱ በኋላ ግን ጓደኞቻቸው ያማርሩባቸዋል፤ እነሱም ለምን እንደ ተወቀሱ አይገባቸውም። ሲሮጡ ውለው፣ ሲዋጉ አምሽተው ምስጋና ሲጠብቁ ስድብ ይደርሳቸዋል። የዚህ ሁሉ ምክንያት አንድ ነው። ይኸውም ዟሪው ለሚያደርገው ጉዞ ዋጋውን በመጀመሪያ የሚከፍለው እሱ ራሱ ሳይሆን በስፍራው ትቶት የሄደው ጓደኛው በመሆኑ ነው። ዟሪነትን መማር ማለት ይህን ዋጋ አስቀድሞ ማስላትን መማር ማለት ነው ብንል አልተሳሳትንም።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎቻችን ስለ ጨዋታው ጥቂት ማስረዳት ይገባናል። (ዘመኖቹን ሁሉ የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) በ2002 ብሊዛርድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ዋርክራፍት ሦስት» የሚባል ጨዋታ አወጣ። ከጨዋታው ጋር ተጫዋቹ በራሱ ሐሳብ አዲስ ሜዳ የሚሠራበት መሣሪያ ስለ ነበረ በ2003 አንድ ትርፍ ጊዜውን ለዚህ ያዋለ ሰው የመጀመሪያውን ዶታ አበጀ፤ ከእርሱም በኋላ ሌሎች እየተቀባበሉ አሻሻሉት። በመጨረሻም ቫልቭ የተባለው ሌላው የአሜሪካ ኩባንያ ከነዚሁ ሠሪዎች አንዱን ቀጥሮ በ2013 «ዶታ ሁለትን» ለሕዝብ አቀረበ። ለመጫወት ገንዘብ አይከፈልም፤ ከ120 በላይ የሆኑት ጀግኖችም ለሀብታሙም ለድኻውም ተጫዋች እኩል ክፍት ናቸው።

ሜዳው አራት ማዕዘን ነው። በአንዱ ማዕዘን የአንደኛው ወገን ሰፈር፣ በትይዩው ማዕዘን የሌላው ወገን ሰፈር ይገኛል፤ ሁለቱን ሰፈሮች ሦስት መስመሮች ያገናኙአቸዋል፤ በመስመሮቹም መካከል ጫካና ወንዝ አለ። በየመስመሩ የመጠበቂያ ግንቦች ቆመዋል። በየ30 ሴኮንዱ ከሁለቱም ሰፈር ጭፍሮች ተሰልፈው ይወጡና ማንም ሳያዛቸው ወደ ፊት እየገፉ እርስ በርሳቸው ይዋጋሉ። ተጫዋቹ የሚያዘው አንድ ጀግና ብቻ ነው። የጠላትን ጭፍራ በመጨረሻው ምት የገደለ ጀግና ወርቅ ያገኛል፤ በአካባቢው ያሉት ጓደኞቹ ደግሞ ልምዱን አብረው ይካፈላሉ። በወርቁ መሣሪያ ይገዛል፤ በልምዱ ማዕርጉ ከፍ ይላል። ድል የሚያደርገው በጠላት ሰፈር ውስጥ ያለውን ዋና ሕንፃ ያፈረሰው ወገን ነው።

በሜዳው ላይ የሚገኘው ወርቅ ለአምስት ሰው እኩል ቢከፋፈል ለማንም አይበቃም። ስለዚህ ተጫዋቾች ከ1 እስከ 5 በሚደርስ ቁጥር ተራ ያወጣሉ። 1 ቁጥር የተባለው ከሁሉ በፊት ወርቅ የሚገባው ሲሆን በጨዋታው መጨረሻ ጦሩን በትከሻው የሚሸከም እሱ ነው። 2 ቁጥር በመካከለኛው መስመር ብቻውን ይቆማል፤ 3 ቁጥር አስቸጋሪውን መስመር ይይዛል፤ 4 እና 5 ቁጥር ረዳቶች ናቸው። ዟሪው ብዙውን ጊዜ 4 ቁጥር ነው። ውሎ አበል ሳይቆረጥለት ለመስክ ሥራ የተላከ ሠራተኛ ቢኖር የዚህን ተጫዋች ኑሮ ሳይነገረው ይረዳዋል።

እንግዲህ ዋጋውን እናስላ። ዟሪው ከ3 ቁጥር ጓደኛው ጋር በአስቸጋሪው መስመር ቆሞ ሳለ ወደ መካከለኛው መስመር ሄዶ አደጋ ለመጣል አሰበ እንበል። መሄጃው፣ በጫካ ውስጥ ተሸሽጎ መጠበቂያውና መመለሻው በጠቅላላው አንድ ደቂቃ ቢፈጅበት በዚያ ጊዜ ውስጥ ሁለት ዙር የጠላት ጭፍሮች ይመጣሉ። በጨዋታው መጀመሪያ በአንዱ ዙር አራት ጭፍሮች ስላሉ ጠቅላላው ስምንት ይሆናል፤ አንዱ ጭፍራ በአማካይ 40 ያህል ወርቅ ቢያስገኝ ስምንቱ ወደ 320 ወርቅ ይጠጋሉ። ዟሪው የሄደበት ጓደኛ ሁለት ጠላቶች ፊት ለፊቱ ስለ ቆሙ ወደ ጭፍሮቹ ለመጠጋት አይደፍርም፤ ቢደፍርም ሊሞት ይችላል። ከሞተ ደግሞ ካጠራቀመው ወርቅ ላይ ይቀነስበታል፤ ወርቅና ልምድም ለገዳዮቹ ይሰጣል፤ እሱም ተነሥቶ ወደ ስፍራው እስኪመለስ ድረስ መስመሩ ባዶ ይቀራል። ዟሪው በመካከለኛው መስመር ምንም ሳይፈጽም ከተመለሰ ይህ ሁሉ ኪሣራ ነው።

ነገር ግን ሒሳቡ በዚህ ብቻ አያበቃም። ቀደም ብለን እንደ ገለጽነው ልምድ በአካባቢው ላሉት ይከፋፈላል። ስለዚህ ብቻውን የቀረው ጓደኛ ጭፍሮቹን ባይገድል እንኳ ሳይርቅ እንደ ምንም ቆሞ መቆየት ከቻለ፣ በፊት ለሁለት ይካፈሉት የነበረውን ልምድ ብቻውን ይወስደዋል፤ ማዕርጉም ቶሎ ከፍ ይላል። እንግዲህ የዟሪው መሄድ አንዳንድ ጊዜ ጉዳት፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ስጦታ ነው። የትኛው እንደሚሆን ከመነሣቱ በፊት መለየት ያለበት ዟሪው ነው፤ ጓደኛውማ የጭፍሮቹን የመጨረሻ ምት ሲጠብቅ ዐይኑን ወደ ሌላ አያዞርም።

ለመለየት የሚረዱ ምልክቶች አሉ። ውጊያው የሚካሄደው ከራሳቸው ወገን ግንብ አጠገብ ከሆነ የሚቀረው ጓደኛ መጠጊያ ስላለው ዟሪው ሳይሠጋ ሊሄድ ይችላል። ጭፍሮቹ ገፍተው ወደ ጠላት ግንብ ቀርበው ከሆነ ግን ጓደኛው ከመጠጊያው ርቆ ቆሞአልና እሱን ጥሎ መሄድ ለጅብ መስጠት ነው። የሚቀረው ጀግና ዓይነትም ይታያል፤ በቀላሉ የሚያመልጥ ወይም ብዙ ቁስል የሚችል ከሆነ አያሳስብም። ከዚህ በኋላ ዐይንን ወደሚሄዱበት ስፍራ ማዞር ነው። እዚያ ያለው ጠላት ከግንቡ ርቆአል ወይ? የሚያመልጥበት ችሎታ አለው ወይ? የመካከለኛው መስመር ጓደኛስ ዟሪው በደረሰ ጊዜ አብሮ ለመምታት ኃይሉ ተሟልቶለታል ወይ? በጨዋታው መጀመሪያ ዟሪ ብቻውን ሰው ሊገድል የሚችለው ከስንት አንዴ ነው። ጓደኛው ኃይሉን ጨርሶ ቆሞ ሳለ ሊረዳው የደረሰ ዟሪ፣ ድግሱ ካለቀ በኋላ የመጣ እንግዳ ነው።

በገና ጨዋታ ላይ ልጆች ሁሉ ሩሯን ተከትለው እንደሚሮጡ አንባቢ ያስታውሳል። ጀማሪ ዟሪም እንዲሁ ውጊያ ወዳየበት ስፍራ ሁሉ ይሮጣል፤ ሲደርስም ውጊያው አልቋል። ያዩትን ተከትሎ መሮጥ ሁልጊዜ መዘግየት ነውና የሠለጠነው ዟሪ የሚሄደው ውጊያ ሊነሣበት ወደሚችለው ስፍራ ነው። ይህንንም የሚያውቀው ከሰዓቱ ነው። በጨዋታው ውስጥ ቀንና ሌሊት በየአምስት ደቂቃው ይፈራረቃሉ፤ ሌሊት ሲሆን የአብዛኛው ጀግና ዐይን በጨዋታው መለኪያ ከ1800 ወደ 800 ስለሚያጥር አደጋ ለመጣል የተመቸ ይሆናል። በአሁኑ ደንብ ከ6ኛው ደቂቃ ጀምሮ በየሁለት ደቂቃው «ሩን» የሚባለው የኃይል ምልክት በወንዙ ላይ ይወጣል፤ የመካከለኛው መስመር ተጫዋቾች ሁለቱም ይፈልጉታልና ለመውሰድ ከመስመራቸው ወጣ ይላሉ። ይህን ሰዓት የያዘ ዟሪ ከምልክቱ መውጣት ጥቂት ሴኮንዶች ቀደም ብሎ በወንዙ ዳር ይገኛል። በእኛ አስተያየት ጀማሪ በመጀመሪያው ሳምንት ከእጁ ፍጥነት ይልቅ ሰዓት የማየት ልማዱን ቢያሠለጥን ይሻለዋል።

ሜዳው በጭጋግ የተሸፈነ ነው። ተጫዋቹ የሚያየው የራሱ ወገን ጀግና፣ ጭፍራ ወይም ግንብ ባለበት አካባቢ ብቻ ነው፤ የቀረው ጨለማ ነው። ስለዚህ ረዳቶቹ በጫካና በኮረብታ ላይ ለጠላት የማይታይ የቃፊር ችካል ይተክላሉ፤ ችካሉም ለተወሰኑ ደቂቃዎች በአካባቢው የሚያልፈውን ያሳያል። ቁጥራቸው የተወሰነ ስለ ሆነ የትም አይተከሉም። ከዚህም ሌላ ዟሪው የሚገዛው «ጢስ» አለ፤ ጢሱ ዟሪውንና በአጠገቡ ያሉትን ጓደኞቹን ከጠላት ዐይን፣ ከቃፊሩም ሳይቀር ይሰውራል፤ የጠላት ጀግና ሲቀርቡት ግን ይበተናል። የጠላት ቃፊር የት እንደ ተተከለ ሳይጠረጥር ዘወትር በአንድ መንገድ የሚመላለስ ዟሪ መምጣቱን በነጋሪት ያስነገረ ያህል ነው። ደግሞም እያንዳንዱ ጀግና ወደ ወገኑ ግንብ በጥቂት ሴኮንዶች የሚያደርሰው የብራና ጥቅልል አለውና፣ አንዱን ለመያዝ የሄደ ዟሪ ሦስት ሰዎች ከሰማይ ወርደው ሊቀበሉት እንደሚችሉ መዘንጋት አይገባውም።

እስካሁን የተናገርነው ስለ መግደል ነው፤ የዟሪ ጥቅም ግን በመግደል ብቻ አይቈጠርም። ዟሪው ከካርታው ላይ በተሰወረ ቁጥር በሦስቱም መስመሮች ያሉት ጠላቶች «ወደኛ ይሆን የመጣው?» ብለው ወደ ኋላ ማለት ይጀምራሉ። አንድ ሰው አምስት ሰዎችን አሰጋ ማለት ነው። ይህ ፍርሃት ዋጋው ብዙ ሲሆን በጨዋታው መጨረሻ በሚወጣው የቁጥር ሰንጠረዥ ላይ ግን የትም አይጻፍም። ሰንጠረዡ ስንት ገደለ፣ ስንት ጊዜ ሞተ፣ ስንት ወርቅ አገኘ ይላል፤ ስንቱን አስፈራ አይልም። በተቃራኒው ደግሞ ፍርሃቱ የሚኖረው ዟሪው ቀደም ሲል አንድ ሁለት ጊዜ በእርግጥ ደርሶ የጎዳ እንደ ሆነ ነው። ተደብቆ ብቻ የሚውለውን ማንም አይፈራውም።

ለዚህ ሥራ የሚስማሙት ጀግኖች ጠባያቸው ልዩ ልዩ ነው። ስፒሪት ብሬከር የተባለው የመረጠውን ጠላት ከሜዳው ዳር እስከ ዳር ጫካውን ሰንጥቆ እየጋለበ ይመታዋል። ኧርዝሼከር መሬቱን ሰንጥቆ ግድግዳ በማቆም የሚሸሸውን መንገድ ይዘጋበታል። ባውንቲ ሀንተር ራሱን ይሰውራል፤ ምልክት ያደረገበት ጠላት የተገደለ እንደ ሆነም ለራሱና በአጠገቡ ላሉት ጓደኞቹ ተጨማሪ ወርቅ ያስገኛል። አዮ የተባለው የብርሃን ድብልብል ደግሞ ጓደኛውን ከራሱ ጋር አስሮ ወደ ፈለገው የሜዳው ስፍራ ይዞት ከሄደ በኋላ ከጥቂት ሴኮንዶች በኋላ ወደ ተነሡበት ይመልሰዋል። ለጀማሪ የምንመክረው ስፒሪት ብሬከርን ነው፤ መቼ መነሣት እንደሚገባ እንጂ እጅን ማፍጠን ብዙ አይጠይቅምና። በተለይም ከአዲስ አበባ ሆኖ ለሚጫወት ሰው ይህ ምክር ሌላ ምክንያት አለው። በሀገራችን ውስጥ የጨዋታው ሰርቨር ስለ ሌለ ተጫዋቹ የሚገናኘው በዱባይ፣ በደቡብ አፍሪካ ወይም በአውሮፓ በኩል ነው፤ ትእዛዙም ያን ሁሉ መንገድ ደርሶ እስኪመለስ ድረስ ይዘገያል። በዐይን ጥቅሻ የሚደረገውን ሥራ ትቶ አስቀድሞ የታሰበበትን ጉዞ መምረጥ ይህን መዘግየት ያቃልላል።

የዟሪነት ሥራ እስከ ምን ደረጃ ሊደርስ እንደሚችል ያሳዩ ሁለት ሰዎችን እንጥቀስ። ቫልቭ በየዓመቱ የሚያዘጋጀው ትልቁ ውድድር «ዘ ኢንተርናሽናል» ይባላል፤ የመጀመሪያው በ2011 በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ ተደርጎ «ናቱስ ቪንሴሬ» የተባለው የዩክሬን ቡድን 1 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። በነሐሴ 2017 በሲያትል ከተማ በተደረገው ውድድር ደግሞ ሽልማቱ በጠቅላላው ከ24 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። በዚያ ጊዜ ያሸነፈው «ቲም ሊክዊድ» የተባለው ቡድን ነው፤ በፍጻሜው ግጥሚያ የቻይናውን «ኒውቢ» 3 ለ 0 ረታ። የቡድኑ 4 ቁጥር ማሩን ሜርሄጅ የተባለ የሊባኖስ ተወላጅ ወጣት ሲሆን በጨዋታ ስሙ «ጂኤች» ይባላል። ወደ ቡድኑ የገባው በዚያው ዓመት መጀመሪያ ነው። የታወቀውም ይኸው አዮ በተባለው ጀግና ሊሞት የደረሰውን ጓደኛ ከጠላት አፍ በመንጠቁ ነው።

ሁለተኛው ጄሲ ቫይኒካ፣ በጨዋታ ስሙ «ጄራክስ»፣ የፊንላንድ ሰው ነው። ቡድኑ «ኦጂ» በ2018 የጸደይ ወራት ሁለት ተጫዋቾች በድንገት ጥለውት ስለ ሄዱ ሊፈርስ ተቃርቦ ነበር። የቀሩት አዲስ ሰዎች ጨምረው ለሁሉም ክፍት በሆነው የማጣሪያ ውድድር ከታች ጀምረው ወጡ፤ በነሐሴም በካናዳ በቫንኩቨር ከተማ ለፍጻሜ ደርሰው «ፒኤስጂ ኤልጂዲ» የተባለውን የቻይና ቡድን 3 ለ 2 አሸነፉ። በዓመቱ በ2019 በሻንጋይ «ቲም ሊክዊድን» 3 ለ 1 ረትተው ይህን ውድድር ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ቡድን ሆኑ። በሁለቱም ጊዜ 4 ቁጥር የነበረው ጄራክስ ነው። በኧርዝሼከር የሚያቆመው የመሬት ግድግዳ ጠላት ሊሸሽበት ያሰበውን መንገድ ቀድሞ ሲዘጋ ያየ ሰው፣ ይህ ሰው ወርቅ የሌለው ረዳት መሆኑን ለማመን ይቸገራል።

ከእነዚያ ዓመታት ወዲህ የጨዋታው ሠሪዎች ደንቡን ደጋግመው ለውጠዋል። በፊት ዟሪው ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ በየትኛውም መስመር ሳይቆም ይዞር ነበር፤ ዛሬ ግን 4 ቁጥሩ በአብዛኛው ከ3 ቁጥር ጋር ሆኖ ይጀምርና አመቺ ጊዜ ሲያገኝ ወጣ ብሎ ይመለሳል። አንዳንዶች ይህ ለውጥ የዟሪነትን ጥበብ ገደለው ይላሉ። እኛ ግን ከባድ አደረገው እንላለን፤ ጥሎት የሚሄደው ጓደኛ አሁን ሁልጊዜ በአጠገቡ አለና።

ከዚህ ጋር አንድ ሌላ ጉዳይ ሳናነሣ ማለፍ አንወድም፤ እሱም ስለ አነጋገር ነው። አብረው የሚሰለፉት አምስት ሰዎች ብዙ ጊዜ የማይተዋወቁ፣ ልዩ ልዩ ቋንቋ የሚናገሩ ናቸው። አንዱ ግጥሚያ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ በማዕርግ ለሚደረገው ውድድር ለመመዝገብም አስቀድሞ 100 ሰዓት መጫወት ያስፈልጋል። ፈተና የደረሰበት ተማሪና ጧት በሁለት ሰዓት ቢሮ የሚገባ ሠራተኛ ይህን ቁጥር ከመነሻው ቢያውቀው መልካም ነው። ከአራት ሰዎች ላይ የአንድ ማታ ጊዜ ተበድሮ የሚጫወት ሰው ሳይናገር ጠፍቶ ጓደኛውን ሲያስገድል ቢሰደብ አያስደንቅም። ስድቡን ትክክል ነው አንልም፤ ጨዋታው የተሳዳቢውን ድምፅና ጽሑፍ መዝጊያ አለውና ይዘጋ። ነገር ግን አብዛኛውን ጠብ የሚያስቀረው ከመነሣት በፊት «እኔ ልሄድ ነው፤ ወደ ግንቡ ጠጋ በል» ማለት ነው። ይህንንም በካርታው ላይ በአንዲት ምልክት ማሳወቅ ስለሚቻል ቋንቋ አላውቅም ማለት ምክንያት አይሆንም።

በመጨረሻ ለሚማረው ወጣት የምንጠቁመው አንድ ልምምድ ነው። ዶታ ሁለት ያለቀውን ግጥሚያ ሁሉ መዝግቦ ስለሚያስቀምጥ እንደ ገና ማየት ይቻላል፤ በዚያን ጊዜም ከአሥሩ ተጫዋቾች የፈለጉትን መርጦ እሱ ያየውን ብቻ ማየት ይፈቀዳል። አብዛኛው ሰው የሚያየው ራሱን ነው። ዟሪ ለመሆን የሚማር ግን ብቻውን የቀረውን ጓደኛውን ይምረጥ፤ የመጀመሪያዎቹን 10 ደቂቃዎች በዚያ ሰው ዐይን ይመልከት። ወረቀትና እርሳስ ይዞም፣ እሱ በሌለበት ጊዜ ጓደኛው ስንት ጭፍራ እንዳለፈው፣ ስንት ጊዜ ወደ ግንቡ እንደ ሸሸ፣ ስንት ጊዜ በካርታው ላይ የእርዳታ ምልክት እንዳሳየ ይቍጠር፤ በአጠገቡም በዚያው ደቂቃ ራሱ የት እንደ ነበረና ምን ይዞ እንደ ተመለሰ ይጻፍ።